ከላይ የታየ ደመና

ባለቤቴ ከሚሴ ውስጥ ዲሽ ገጣሚ ነበር። አንድ ሆቴል የጣለውን ትልቅ ዲሽ አምጥቶ ጣሪያችን ላይ ሲሰቅለው፣ የዓረብ ድራማ ልናይ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሱ የፈለገው ግን ሌላ ነገር ኖሯል። የሜትሮሎጂ ባለሙያ የሆነ አንድ የሚያውቀው ሰው እየመከረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካርድ ከተተና ሳተላይት የሚልከውን የደመና ሥዕል መቀበል ጀመረ። ድራማ የለ፣ መንዙማ የለ፣ ግራጫ መሬትና ነጭ ደመና ብቻ። «ሁለተኛ ሚስት አገባብኝ፣ ያውም ዓይኗን ከሰማይ የማትነቅል» እያልኩ ለጎረቤት አማው ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኩት። ቀይ ባሕሩን፣ የአፋርን ቆላ፣ የኛን ተራሮች በጣቱ እየነካ ያሳየኛል። መብራት ይሄድበታል፤ ይነጫነጫል። መብራቱ ሲመለስ ደመናው ቦታ ለውጦ ይጠብቀዋል።

ሥዕሉን ከሁሉ ይበልጥ የወደደው ግን የባለቤቴ የአፋር ወዳጁ ነው። ይህ ሰው በየበጋው ከብቱን እየነዳ እኛው አጠገብ ወዳለው ወደ ጨፋ ሜዳ ሣር ይመጣል፤ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስም እኛ ቤት ሳይገባ አያልፍም። ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ያመጣታል። እሷም ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ ታደርግና እኔ ጭን ላይ ትተኛለች። እኔ ልጅ አልወለድኩም። በጋው ሲገባ መንገድ መንገዱን የማየው ለእሷ ነበር።

ሁለቱ ወዳጆች ሲገናኙ ከሁሉ በፊት ዳጉ የሚባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ አለ። አንዱ ከተለያዩ ወዲህ ያየውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራል፤ ሌላው «እ... እ...» እያለ ይሰማል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። በዓይን የታየና በወሬ የተሰማ አይቀላቀልም። አንድ ሰው «አየሁ» ካለ፣ በዚያ ቃል ሌላው ከብቱን ነድቶ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት የጨፋ ሣር ቶሎ አለቀ። ገበሬውም ለበልግ ሊያርስ ስለሆነ ከብት ከማሳው ይውጣልኝ ይላል። ወዳጃችን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ አገሩ ዘንቦ እንደሆነ አይተው የሚመለሱ ጎረምሶች ሊልክ ነበር። ባለቤቴ እየሮጠ ሄዶ ቤት አመጣው።

«ደመናው እናንተ አገር ላይ ነው! ወላሂ በዓይኔ አየሁት!»

ወዳጁ ስክሪኑ ፊት ቆመ። የአገሩ መሬት በነጭ ተሸፍኗል። ጠጋ ብሎ አየና «አንተ አየህ፤ እኔም አየሁ። ታዲያ ጎረምሶቹን ምን አደክማቸዋለሁ?» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከብቱን ነድተው ወደ አገራቸው ተነሡ። እኔ ለልጅቷ ቀይ ጨሌ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። «ወተት ጠግበሽ፣ ወፍረሽ ነይልኝ እሺ?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

ደመናው ውሸት አልነበረም። ግን ከፍ ብሎ የሚያልፍ ስስ ደመና ነበር። ከላይ ለሚያየው ነጭ ነው፤ ከታች ሆኖ ለሚጠብቀው አንድ ጠብታ የለውም። ይህን ባለሙያው ለባለቤቴ ያስረዳው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ስልክ እዚያ ቆላ አይደርስም። ባለቤቴ ሰንበቴ ገበያ ሄዶ ወደ ቆላ የሚወርደውን ነጋዴ ሁሉ «እንዲመለስ ንገሩልኝ» እያለ ለመነ። ማን እንደነገረለት፣ ማን እንዳልነገረለት እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በቀጣዩ በጋ ወዳጃችን ብቻውን መጣ። ትከሻው ባዶ ነበር። እኔ ግን ሞኝ ነኝና በሩን ከፍቼ ወደ መንገዱ አሻግሬ አየሁ።

«አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ተቀመጠ፤ ዳጉውንም ጀመረ። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም። አገሩን ደርቆ እንዳገኙት፣ የኤላው ጉድጓድ ውሃው አልቆ ጭቃ እንደሆነ፣ ወደ ጨፋ እንመለስ ሲሉ ላሞቹ መንገድ ላይ መተኛት እንደጀመሩ ተናገረ። ባለቤቴ «እ... እ...» ይላል። እኔ የውሃ ጣሳ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንዳለ ገብቶኛል፤ ባይደርስ ብዬ እለምናለሁ።

«ወተቱም ቆመ» አለ። «ትንሿ ልጅ ትኩሳት ያዛት። ከመንገዱ ዳር ቀበርናት። ጨሌው አንገቷ ላይ ነበር።»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ፤ «እ» የምትለዋ እንኳ አልወጣችለትም። የሰው ነገር ሳይመለስለት እንዲህ ተንጠልጥሎ አይተውምና እኔ ከበሩ ሆኜ «እ...» አልኩለት። እንዴት እንዳወጣኋት አላህ ያውቃል።

«አልሐምዱሊላህ። ያየሁት ይህ ነው» አለ ወዳጃችን። አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመረም፤ ቢቆጣና ቢሳደብ ምንኛ በተሻለን። ከዚያ ዳጉው እንደሚያዘው ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«አሁን ተራው ያንተ ነው፣ ወንድሜ። ምን አየህ?»

ከባለቤቴ ኋላ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ደመናውም ስክሪኑ ላይ አለ። ባለቤቴ ወደዚያ አልዞረም። አንገቱን ደፍቶ የገዛ እጁን አየ።

«ምንም አላየሁም» አለ።