ምንም የማይሠራ ሙሽራ

ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ውጭ አገር ለዶክትሬት የምማር፣ ለእረፍት መካነ ሰላም ስገባ በቀበሌ ስብሰባ ሳይቀር የተጨበጨበልኝ ሰው ነኛ! ከልጅቷ ጋር ከተዋደድን ቆይተናል፤ የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው።

በወጉ መሠረት እኔ ቤት ቀረሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። መሪያቸው አጎቴ ስለነበሩ አስቀድሜ ሥራዬን አስረድቻቸዋለሁ። ቲታኒየም የሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት አለ፤ ማሽን ዱቄቱን በጨረር እያቀለጠ፣ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ዕቃ ያወጣል። እኔ ዕቃውን ቆርጬ እንደ መስታወት እስኪያበራ አለሰልሰውና በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ውስጡ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፈ ነው፤ የስፌቱን ውፍረትና ቅጥነት እለካለሁ።

«ገብቶኛል፣ አብሽር» አሉኝ።

እዚያ ደርሰው የገባቸውን ያህል ተናገሩ፤ «ልጃችን ብረት በእሳት ያቀልጣል።»

የአባትየው መልስ አልዘገየም። «ለቀጥቃጭ ልጄን አልድርም! ቡዳ ቤቴ አይገባም!» በእኛ አገር ቀጥቃጭ የሠራው ማረሻ ይወሰዳል እንጂ ልጅ አይሰጠውም። ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ በንዴት ጨስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ተምሬ ቡዳ ሆኜ አረፍኩት!

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ምንም አልሠራም» አልኳቸው። «ሌላው የሠራውን ነው የምለካው።»

«ከለካኸው በኋላስ?»

«ይጣላል።»

«ደመወዝ ግን ይከፍሉሃል?»

«ይከፍሉኛል።»

«ወላሂ፣ ይህን አስቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት!»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። አባትየው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው በሉኛ?» አሉ።

«ከዚያም ያነሰ ነው የሚሠራው» አሉ አጎቴ። ዱዓ ተደረገ፤ ልጅቷ ተሰጠችኝ።

የኒካሁ ዕለት በሬው ሊታረድ ሲል የቢላው እጀታ ወለቀ። እንግዳው ሁሉ የብረቱን ምሁር አየ። ተነስቼ ሞከርኩ፤ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ታገልኩ፤ ጭራሽ ሰነጠቅሁት። አማቴ ግን በደስታ ፈነደቁ። «አያችሁ? ምንም አያውቅም! አልሐምዱሊላህ!»

በመጨረሻ ቀጥቃጩ ተጠራ። ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ ቢላውን አበጀው። በሬው ታረደ፤ ቀጥቃጩ ድርሻውን በአጥር ላይ ተቀበለ፣ የእኔ ተሞሽሬ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣልኝ።

አፈርኩ። ግን በላሁ።