ከአውሮፕላኑ ጋር የሄደችው ነጥብ

ሪክስት ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ጀቶችን ፎቶ ልታነሳ ወደ አየር ኃይሉ አጥር ስትሄድ ቀኑ የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው፦ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በብስክሌት፣ ያውም ከባሕሩ የሚመጣውን ነፋስ ፊት ለፊት እየገፉ፤ አይብ የገባበት ዳቦ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፤ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ከመኪና ላይ ለሚሸጠው የተጠበሰ ዓሣ አምስት ዩሮ። ባሏ ዳውወ በእነዚህ ሁለት ቀናት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ ድንች ይልጣል። እሱም በነጻ አይደለም፤ እሑድ እግር ኳሱን ማንም አይነካበትም። በጀቶቹ ጩኸት ጆሮዋ እስኪመሽ እንደ ደነዘዘ ይቆያል። ትከሻዋ ላይ አንግታ የምትወስደው የወጥ ቤት መሰላል ሰንበር ያወጣል።

ይህን ሁሉ ከፍላም አንዳንድ ቀን አንድ ተዋጊ ጀት ሳታይ ትመለሳለች።

"ዛሬስ ምን አነሳሽ?" ይላታል ዳውወ።

"ላም። ግን ጥሩ ላም ነበረች።"

ፍሪስላንድ በሚባለው የባሕር ጠረፍ አውራጃ ውስጥ ካለው የአየር ኃይል ሰፈር አጥር ውጪ የሚቆሙት ሰዎች ሁሉ መሰላል አላቸው። ያለ መሰላል ፎቶው ውስጥ የሚገባው ሽቦ ብቻ ነው። በየመሰላሉ ላይ የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፏል፤ የሰው መሰላል አይነካም፣ የሰው ቦታ አይወሰድም። ይህን ደንብ የሚያስከብሩት የአጥሩ ሽማግሌ ዊብረን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወተት ቦቴ ነድተው ጡረታ የወጡ የሰባ አንድ ዓመት ሰው። በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያውን የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ፎቶ። ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ የየገበሬው ወጥ ቤትም ይሰቅለዋል።

ሪክስት ዘጠኝ ዓመት አጥሩ ሥር ቆማ አንድም ወር ደርሷት አያውቅም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰማይዋ ይቆሽሻል። ነፋስ ላይ ቆማ ሌንስ ስትቀይር አቧራ ካሜራው ውስጥ ይገባና ፎቶው ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ሌሎቹ ማታ ኮምፒዩተር ላይ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ለቅመው ሳያጠፉ ፎቷቸውን ለሰው አያሳዩም፤ ፊት ሳይታጠቡ ከቤት እንደ መውጣት ነው። እሷ ደግሞ ማታ ሁለት ልጆች ታጥባለች።

"የልብስ አጣቢዋ ሰማይ ላይ ዛሬም ዝንብ አርፏል" ይላሉ ዊብረን።

"የእርስዎን ሸሚዝ አይቼዋለሁ እኮ፤ ስለ ቆሻሻ ባናወራ ይሻላል።"

ልብስ አጣቢነቷ እውነት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በአረጋውያን ማረፊያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። የሾርባውን፣ የቀለሙን፣ የመድኃኒቱን እድፍ በዓይኗ ትለያለች። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ታጣራለች፤ እድፉ ጨርቁ ላይ ነው ወይስ መነጽሯ ላይ? አዲስ የገቡ ልጆች መነጽራቸው ላይ ያለችውን ጠብታ አንሶላው ላይ ሲፈትጉ ስንቴ ስቃባቸዋለች።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ጀቶች ተነስተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የፊተኛውን ሆድ ወርቅ ቀባችው፤ ጎማዎቹ ወጥተዋል፤ አብራሪው ጭንቅላቱን ወደ አጥሩ ዘንበል አድርጓል። ሪክስት ከመሰላሉ ጫፍ አሥራ አራት ጊዜ አከታትላ አነሳችው። ከዚያ የካሜራዋን ትንሽ መስታወት በእጇ ከልላ አየች።

ዊብረን ከጎን ካለው መሰላል አንገታቸውን አሰገጉ። "ይሄ ወር ያገኛል" አሉ። "ያችን ክንፉ ሥር ያለችውን ዝንብሽን አጥፊና ዛሬ ማታ ላኪልኝ።"

ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ግን ነጥቧን አየቻት፣ ቀጣዩንም ፎቶ አየች፣ ከዚያም ቀጣዩን።

"አቧራ ከሆነች ፎቶው ላይ አንድ ቦታ መቆም አለባት አይደል?" አለች። "ይቺ ግን ከአውሮፕላኑ ጋር አብራ ትሄዳለች። ሁልጊዜ ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚገጥምበት ላይ ናት። ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ የለችም። ይኸው ይኸኛውም ሲነሳ አልነበረችም።"

"ጥላ ይሆናል።"

"ጥላማ አውሮፕላኑ ሲዞር ቦታ ይቀይራል።"

ሁለቱ ጀቶች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ነዳጅ እየቀዱ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲህ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመው ይነሳሉ።

"ስሚ ልጄ" አሉ ዊብረን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አምና አንዱ 'ጭስ አየሁ' ብሎ ለአየር ኃይሉ ደወለ፤ ጉም ሆኖ ተገኘ። ስንት ወር ሳቁብን። አሁን ደግሞ በአቧራ ብንደውልላቸው፣ ከአጥሩም ያርቁናል።"

"ያቺ ነጥብ እዚያ ካለች ደግሞ አብራሪው ይዟት ሊነሳ ነው። ለሳቁ እኔ አለሁ።"

ካሜራዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ እስከ በሩ ብስክሌቷን ረገጠች። ዘበኛው ገና ጢም ያላወጣ ወጣት ነበር።

"ወይዘሮ፣ የጎብኚዎች ቀን ቅዳሜ ነው።"

"ለጉብኝት አልመጣሁም። ይችን ተመልከታት፤ አሁን ደግሞ ይችን። ቦታዋን ለቀቀች?"

ወጣቱ አየ። ደግሞ አየ። "አለቀቀችም" አለና ስልኩን አነሳ፤ የአውሮፕላኑን ቁጥር ከፎቶው ላይ አነበበ። ከዚያ ስሟን መዝግቦ አመስግኖ መለሳት። ሌላ ምንም አልተነገራትም።

ስትመለስ ነፋሱ ጠንክሮ ነበር። ዊብረን ከራሳቸው መሰላል ወርደው የእሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሰው መሰላል ሲነኩ ያየ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ሜዳው አዩ። የሞተሩ ድምፅ ጨመረ፤ አንድ ጀት ተንደርድሮ ተነሳ። ሁለተኛውን ጠበቁ። ሁለተኛው አልመጣም።

"ብቻውን ሄደ" አሉ ዊብረን፤ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

ሐሙስ ዕለት ዓሣዋን እየበላች ሳለ አንድ ቱታ የለበሰ መካኒክ በብስክሌት መጣ። "የባለ ነጥቧ ፎቶ የማን ናት?" አለ። ሁሉም ወደ እሷ ጠቆሙ።

"ወፍ መትቶት ነው" አላት። "ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ። አብራሪው ከላይ ሆኖ አያየውም። እኛም ዞረን ስንፈትሽ እንደርስበት ይሆን ነበር፤ አንቺ ቀደምሽን። አሁን ሦስት ሳምንት ጥገና ላይ ነው፤ ሰውየው ግን ማክሰኞ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን በልቷል። ፎቶዋን ከነነጥቧ ስጪን፤ የሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች።"

ዳውወ ያን ቀን ማታ ድንቹን አሳረረው፤ ወሬውን ሦስት ጊዜ ስላስደገማት ነው። ልጆቹ በበነጋታው ለመምህራቸው ጭምር አወሩ።

ዊብረን የመጋቢትን ወር ሰጧት። "ለማተም ስልክ፣ ነጥቧን ላጥፋት ወይስ ልተዋት?" ብለው ደወሉ።

"ከነኳት እርስዎን በዘጠና ዲግሪ ውኃ ነው የማጥብዎት።"

ዘንድሮ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ መጋቢት ላይ ጥቁር ነጥብ አለበት፤ ዳቦ ሻጯም ለማያውቀው ሁሉ ታስረዳለች። ሪክስት አሁንም በብስክሌት ትሄዳለች፣ አሁንም ሌንሷን ነፋስ ላይ ትቀይራለች። ይህን ለሚያነብ ሰው ግን የምትለምነው አንዲት ነገር አለቻት፦

"ካነሳችሁት ፎቶ ላይ ነጥብ ብታገኙ ቶሎ አታጥፉት። እባካችሁ መጀመሪያ የሚቀጥለውን ፎቶ ተመልከቱ።"