ስድስት ክርና አንድ ክር

ባለፈው ሳምንት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ሲከፍት የገዛ ጊታሬን ሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ለጓደኛዋ፣ «ይሄን ዘፈን ስወደው! መሃል ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ግን፣ ሲሪየስሊ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለቻት። ሰውዬው እኔ ነኝ።

በወጣትነቴ ጎፈሬዬ በር አያስገባኝም ነበር። ከሮክ ሌላ ሙዚቃ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጣቶቼ ግን ለብቻቸው ስተዋቸው ትዝታ ቅኝት ውስጥ እየገቡ ያሳፍሩኝ ነበር። ብዙ ታገልኳቸውና በመጨረሻ እጄን ሰጠሁ፤ የአጎቴን የጋሽ መንገሻን ማሲንቆ ከጊታሬ ጋር ላስቀዳ ቆረጥኩ። ላወጣው ያሰብኩት አልበም ያለ እሳቸው ባዶ ነበር።

በሐምሌ ጭቃ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ካለው ቤታቸው ላመጣቸው ወጣሁ። መንገዱ የራሰ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጋሼ ማሲንቋቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ኪሳቸውን የገብስ ቆሎ ሞልተው ጠበቁኝ። ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ቆሎውን ቃምን። እንደዚያ የጣመኝ ቆሎ የለም፤ ምናልባት ቀረጻውን ፈርቼ ስለነበር ይሆናል።

ስቱዲዮ የምንለው፣ ሲግናል አካባቢ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል ነበር፤ የባንዴ ልጆች ታጭቀውበታል። ቀጂው ዮናስ፣ «አባባ ሲጫወቱ ማንም እንዳይተነፍስ!» ብሎ አዘዘ። ጋሼ ጀመሩ። ማሲንቆው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ደገሙት፤ ባሰ። ሦስተኛው ላይ ደጋኑን አስቀመጡና ማሲንቆውን መልሰው ይጠቀልሉ ጀመር።

«እጄ ሞቷል ልጄ። ሌላ ሰው ፈልግ።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ተገትረናል። ለካ ጥፋቱ የኛ ነው! አዝማሪ ግጥም የሚሰጠው፣ «ወይ ጉድ!» የሚለው ሰው ካጣ ለማን ይዘፍናል? ለንጹህ ድምፅ ብለን ሽማግሌውን ከሰው ለይተናቸው ነበር።

«ተቀበል!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ጋሼን አንተ ያልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀና አሉ። «እስቲ በለኝ!»

«ስድስት ክር ይዤ ቤቴ ቢጠፋብኝ፣
ባለ አንድ ክሩ መንገዱን አሳየኝ!»

ጋቢውን ወዲያ ጣሉት። ግጥሜን ተቀብለው አዙረው ሲመልሱት ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዮናስ ራሱ ትእዛዙን ረስቶ አጨበጨበ። ማሲንቆው እንደዚያ ሲያለቅስና ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጋሼ ደጋናቸውን ወደ ጊታሬ ቀሰሩ።

«አሁን አንተ ተቀበል!»

ተቀበልኩ። ከዚያ በፊት ጊታር እመታ ነበር እንጂ ተጫውቼ አላውቅም።

ዮናስ በኋላ ጩኸቴን ቆርጦ ሊያወጣው ሲል ጋሼ፣ «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አሉት። እንዳለ ቀረ።

ጋሼ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ታክሲው ሲግናልን ሲያልፍ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ። ሁለቱ ተማሪዎች ከእሳቸው እኩል፣ «አሁን አንተ ተቀበል!» ብለው ጮኹ። ኩራቴን የት ላድርገው? ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ክሮቹን ፍለጋ ሄደ፤ አሁንም ተቀበልኩ።