የሰው ገብስ በቤቴ

ከንፋስ መውጫ ከፍ ብሎ ባለው ማሳዬ ላይ ለቢራ የሚሆን ገብስ መዝራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሁለቱን ዓመት ገዢው ኩባንያ በቀኑ መጥቶ ጫነ፤ ዋጋውም ከገበያው ይሻል ነበር። ውሉን ስንፈራረም የነፍስ አባቴን ምስክር አድርጌ ነበር። ለእነሱ ወረቀት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ቃል ነው።

በሦስተኛው ዓመት ወቅተን፣ እነሱ በሰጡን ጆንያ ከተን ጠበቅን። መኪናው ቀረ። የኩባንያው ባለሙያ፣ ልጄ የሚሆን ትሑት ሰው፣ በስልክ አስረዳኝ።

«አባቴ፣ ውጭ አገር ባለው ዋናው ኩባንያችን ላይ አዲስ የአየር ንብረት ሕግ ሊወጣ ነው። ገብሱ በምን ማዳበሪያ እንደበቀለ ሳይቀር ይጠየቃል ይላሉ። እስኪለይለት ግዢ ቆሟል። ለሌላ እንዳይሸጡት፣ ትንሽ ይታገሱን።»

ታገስኩ። ሕጉ ወጣ አለኝ፤ ቆይቶ ተራዘመ አለኝ፤ ደግሞ ሊሻሻል ነው አለኝ። እኔ የማውቀው የአየር ንብረት ውርጭና በረዶ ነው፤ ይኸኛው የት አገር እንደሚዘንብ እንጃ።

ለቀለባችን የዘራነውን በረዶ መትቶት ስለነበር ቶሎ አለቀ። በጎቹንም ሸጠን በላን። የቀረው ጎታ ውስጥ ያለው የባለቤቴ ጥቁር ገብስ ነው። ስንጋባ እናቷ ለዘር ብለው የሰጧት፣ ያለ ማዳበሪያ የሚበቅል፣ ድርቅ የሚችል፣ በየዓመቱ ጥቂት እየዘራች ያቆየችው። በመንደራችን ሌላ ሰው ዘንድ አልቀረም፤ ሁሉም ወደ ቢራው ገብስ ዞሯል።

«አንዱን ጆንያ እንፍታው» አለችኝ።

«የሰው ነው» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ጥቁሩን ገብስ ቆላችው፤ በሶም አደረገችው። እስከ ጣራ በተከመረው ጆንያ ተደግፌ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የመጨረሻው ሲቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ በራሴ መቀለድ እንኳ አላማረኝም።

ክረምት ሲገባ ባለሙያው ደወለ። ኩባንያው ገብስ ከሌላ አገር ሊያስገባ ነው፤ ውሉ ቀርቷል፤ «እንደፈለጉ ያድርጉት» አለኝ። እሺ አልኩ። ነቀዝ የገባበትን ገብስ ገበያ አውጥቼ በተገኘው ዋጋ ሰጠሁት።

ዘንድሮ ያው ሰው እንደገና ደወለ። ደስ ብሎታል፤ ከድምፁ ያስታውቃል። ሕጉ ለይቶለታል፤ ማዳበሪያ የማይፈልግ፣ ድርቅ የሚችል የአገር ገብስ ሊገዙ ነው።

«እናንተ ቤት ጥቁር ገብስ አይቼ ነበር። ዘሩ አለ አይደል፣ አባቴ?»

ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ እሱም ጥያቄውን ደገመላት።

«የእናንተን ስንጠብቅ በላነው፣ ልጄ» አለችው።

ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ያኔ ያልተሰማኝ አሁን ተሰማኝ፤ ባዶው ጎታ ላይ እጄን አሳርፌ ቆምኩ።