ዘንዶውን ለማስታረቅ የሄደው ጀልባ

ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጨፍር እኔ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ለት፣ ሱብሂ እንደተሰገደ፣ ሹፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል፣ እናቴ ዱአዋን አልጨረሰችም። "አሚን በሉ!" ትላለች። ተሳፋሪው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ አሚን ይላል። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ታናሽ ወንድሜ አንዋር ሮጦ መጣና በቢላ የጠረባትን ባለ ስድስት ፊት የወይራ ዳይስ መዳፌ ላይ አስጨበጠኝ። ልጆች ሆነን በእሷ ስንጫወት ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነበር። "እታለም፣ ሲከፋሽ ጣያት" አለኝ። ስቄ አለቀስኩ፣ ወይ አልቅሼ ሳቅኩ፣ እንጃ።

አረብ አገር፣ ሻርጃ ገብቼ ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ጀመርኩ። ሙቀቱን አትጠይቁኝ! የሐይቅ ነፋስ በፖስታ የሚላክ ቢሆን ኖሮ እናቴን በየሳምንቱ አስቸግራት ነበር። አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ናት በኢንተርኔት የሚጫወቱትን የተረት ጨዋታ ያስተማረችኝ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ያወራል፣ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው በተራ ይናገራሉ፣ ይሳካል አይሳካም የሚለውን ዳይስ ይወስናል። ወላሂ፣ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው!

ቦታ ግን ከየት ይምጣ? ክፍሌ በጣውላ የተከፈለች፣ ፓርቲሽን የሚሏት ናት። እግሩ የተሰበረ የልብስ መተኮሻ ጣውላ ከላውንደሪው ለምኜ በገመድ ጠፍሬ ጠረጴዛ አደረግሁት። ድምፄ ጎረቤት እንዳይረብሽ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ዳይሷ እንዳትጠፋ የተምር ሳህን አዘጋጀሁላት። መጀመሪያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ብቀመጥ የተቀጣሁ ተማሪ መሰልኩ። እንግዳ እንደሚጠብቅ ባለቤት ወደ በሩ ዞርኩ። ለካ መብራቱ ከጀርባዬ ሆኗል! አብሮ አደጌ ፋጡማ ከጅዳ በላፕቶፔ ስክሪን ስታየኝ "ኧረ በነቢ፣ አንቺ ቀርተሽ ጂን ላክሽብን?" ብላ ጮኸች። መብራቱን ወደ ፊት አመጣሁት።

ተጫዋቾቼ ሦስት ናቸው። ፋጡማ፣ ጆሃንስበርግ ያለው የድሮ ጎረቤታችን ደሳለኝ፣ ከሐይቅ ደግሞ በስልኩ የሚገባው አንዋር። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ እንገናኛለን። እንግዳ ጠርቶ ብርጭቆ አለማቅረብ በእኛ ዘንድ ነውር አይደል? ሦስት ዱካ ደርድሬ ለአራት ሰው ሻይ እቀዳለሁ። ሲያልቅ አራቱንም ብቻዬን እጠጣለሁ።

አንድ ዓርብ አከራዬ አቡ ናስር በሩን በረገደው።

"ሰዓዳ፣ ስንት ሰው ደብቀሻል?"

"ማንንም።"

"አራት ብርጭቆ?"

"አንዱ የኔ ነው።"

"ሦስቱስ?"

"አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ጆሃንስበርግ፣ አንዱ ሐይቅ ናቸው።"

"ሻዩን ማን ይጠጣዋል?"

"እኔ።"

ዳይሷን አየ። "ቁማር!"

"ኧረ ተረት ነው! ዘንዶ ልናስታርቅ ነው።" እሱንስ ባልናገር ይሻል ነበር። ዕቃሽን ሰብስቢ ሊለኝ አፉን ሲከፍት ላፕቶፑን ወደሱ አዞርኩት። ሦስቱ ሽማግሌ ሲያዩ ምን ያስቆማቸው! "አሰላሙ አለይኩም አባታችን! ደህና ዋሉ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ጉልበትዎ እንዴት ነው?" ደሳለኝ ሳይቀር በተሰባበረ አረብኛው ቀጠለበት፣ የቀረውን እኔ እተረጉማለሁ። ሰላምታ ይመለሳልና ሰውዬው ሲመልስ፣ ሲመልስ፣ ደከመውና ዱካው ላይ ቁጭ አለ። የአንዋርን ሻይ አነሳና ፉት አለለት።

"ዘንዶው ምን በደለ?" አለ።

ሐይቁን ይዞ ሰው አላስጠጋ ማለቱን ነገርኩት። ፊሊፒናዊቷ እንዳስተማረችኝ ዘንዶ ይገደላል። የእኛ ሰዎች ግን መች ይሰማሉ! ፋጡማ መጀመሪያ "የማን ልጅ ነው? ዘመዱን ሳናውቅማ አንነካውም" አለች። ደሳለኝ "አበጋር ይላክበት" አለ። አበጋር ደም የተቃባውን ሳይቀር የሚያስታርቁ የአገራችን ሽማግሌዎች ናቸው። አንዋር በእውነትም ዓሣ አስጋሪ ነውና፣ በጨዋታው ሽማግሌዎቹን በጀልባ የሚያደርሰው እሱ ሆነ። ዳይሷ አራትና ከዚያ በላይ ካለች ዘንዶው እርቁን ይቀበላል፣ ካነሰች ጀልባው ይሰጥማል። አቡ ናስር ቤት ሊያስለቅቀኝ መምጣቱን ረስቶ "ጣሉ እንጂ!" ይለናል።

አንዋር "እታለም፣ ጣይ..." ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ኔትወርክ መስሎን ሳቅን። ለካ ሰሜን የተጀመረው ጦርነት ሐይቅ ድረስ ገብቶ ስልኩ ሁሉ ተቆርጧል። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተከተለ። ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ሸሚዝ ስተኩስ እንባዬ እየወረደ እንፋሎት ነው እላለሁ። በጨዋታው ሕግ የሌለ ሰው ተራው ይታለፋል። "አናልፍም!" አለ ደሳለኝ። በየዓርቡ ሻይ ቀድቼ ጀልባው መሐል ሐይቅ እንደቆመ አንዋርን እንጠብቃለን። አቡ ናስር የራሱን ኩባያ ይዞ ይመጣል፣ የአንዋርን ብርጭቆ አይነካም። "ደረሰ?" ይለኛል። "አልደረሰም።" "ሰብር፣ ልጄ፣ ትዕግሥት።"

አንድ ዓርብ ሻዩን ቀድቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ።

"እታለም!"

ያረቢ! ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ አንዱ ዱካ ተገለበጠ። ፋጡማ ከጅዳ እልልታውን አቀለጠችው፣ ደሳለኝ ጠረጴዛውን ደበደበ። አንዋር እቴ ምን ተዳው፣ የሁላችንንም ደህንነት በተራ ጠይቆ አቡ ናስር ጉልበት ላይ ደረሰ።

"እማስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ሰዉን አሚን እያስባለች ነው።" ቀጠለና፣ "ጀልባዬ ግን የለችም። ማን እንደወሰዳት እንጃ። ያቺ የጨዋታዋ አለች አይደል?"

"አለች። መሐል ሐይቅ ላይ።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"እንደተሳፈሩ ናቸው።"

"በይ ጣይልኛ!"

ጣልኩ። ዳይሷ ከሳህኑ ዘለለችና መተኮሻው ሥር ተንከባለለች። ተንበርክኬ ገባሁ፣ አቡ ናስር ያንን ታማሚ ጉልበቱን አጥፎ መብራት ያዘልኝ።

"ስንት ወጣ?" ይላል አንዋር ከሐይቅ። "እታለም፣ ስንት ወጣ?"

በመዳፌ ከድኛታለሁ። ላያት አልደፈርኩም።