የእትዬ ሐያት ባንኮኒ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስካሁን ያልረሳሁት ክፉ ወይም በጎ ስለሆነ አይደለም። ጉልበቴ እንድረሳው ስላልፈቀደልኝ ነው።

ባሌ ከሞተ በኋላ የምተዳደረው ነጠላና ጋቢ በቴሌግራም በመሸጥ ነው። ፎቶ አነሳለሁ፣ በኮምፒውተር እለጥፋለሁ፣ ደንበኛ ይጽፍልኛል፣ እመልሳለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ፎዚያ ናት። አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሩን ትራስ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ስሠራ ከርሜ አንድ ቀን ጠዋት አንገቴ አልዞር አለ። ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝና «ደህና ጠረጴዛና ወንበር ካላገኙ ሥራውን ይተዉት» አለኝ።

ሥራውን ብተው የምበላው ከልጄ እጅ ነው። በሰው እጅ መብላት ምን እንደሆነ ደግሞ አውቀዋለሁ።

የወጣትነት ዕድሜዬን የጨረስኩት ሸማ ተራ፣ በባሌ ታላቅ ወንድም በጋሼ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ነው። ከባንኮኒው ኋላ የምትቀመጠው ሚስቱ እትዬ ሐያት ነበረች። እኔ ከባንኮኒው ፊት ቆሜ ነጠላ እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ፣ እንደገና እዘረጋለሁ። የገባው ደንበኛ ሁሉ እሷን «እመቤት» ይላታል፤ እኔን «አንቺ፣ እስቲ ያንን አውርጂው» ይለኛል። ባሌ ሲሞት፣ ሐዘኑ ሳይወጣልኝ፣ «አንቺም ደክሞሻል፣ ዕረፊ» ብላ አሰናበተችኝ። ፊት ለፊት እስከ ዛሬ «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ፎዚያ ቢሮ ስለምትሠራ ስለ አቀማመጥ ብዙ ታውቃለች። «እማ፣ ስክሪኑ ከዓይንሽ ትይዩ ይሁን። ክንድሽ ጠረጴዛው ላይ ዘና ብሎ ይረፍ። እግርሽ መሬት ይንካ። መስኮቱ በጎንሽ ይሁን» አለችኝ። እሺ አልኳት። አብረን ምናለሽ ተራ ወረድን፤ ያገለገለ ዕቃና ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት የሚገኘው እዚያ ነው።

እሷ አንዲት ልከኛ የቢሮ ጠረጴዛ አግኝታ ስትከራከር፣ እኔ ከቆርቆሮ ክምር ጀርባ አንድ የዋንዛ ባንኮኒ አየሁ። ጫፉ ላይ የካውያ ጠባሳ አለው። የሸማ ተራው የእትዬ ሐያት ባንኮኒ ነው። የከሰል ካውያውን እዚያ ላይ ረስታው የሄደችው እትዬ ሐያት ነበረች። ለጋሼ ሰይድ የተነገረው ግን «ዘይነባ ናት» ተብሎ፣ በኔ ተላክኮ ነው። እኔም ባሌ በወንድሙ ፊት እንዳያፍር ብዬ ዋጥ አደረግኩት። የሸማ ተራው ሱቅ ፈርሶ፣ እነሱ ፎቅ ላይ የመስታወት ባንኮኒ ያለው ሱቅ እንደገቡ ሰምቼ ነበር። አሮጌው የት እንደደረሰ ግን አልጠየቅኩም።

«እኔ ይሄን ነው የምፈልገው» አልኩ።

ሻጩ ሳቀ። «ማዘር፣ ይሄ የሱቅ ነው። ምን ሊሸጡበት ነው?»

«ኮምፒውተር ላስቀምጥበት።»

«ኮምፒውተሩስ ይቀመጣል። እርስዎ እንዴት ሊቀመጡ ነው?»

ፎዚያም ክንዴን ይዛ «እማ በአላህ፣ ይሄኮ ደረትሽ ጋ ይደርሳል!» አለችኝ።

«ከዚህ ኋላ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ያየ የለም» አልኳት። ልጄ ጠረጴዛዋን ትታ የባንኮኒውን ዋጋ መከራከር ጀመረች።

ባንኮኒው በተሸካሚዎች ጫንቃ ጭድ ተራ፣ ቤቴ ድረስ መጣ። አልገባ ስላለ በሩ ተነቀለ። እሱ ሲገባ ቁምሳጥኑ ወደ ጓዳ ተሰደደ። ጎረቤቶቼ «ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» እያሉ ተሳለቁ። እኔ ኮምፒውተሬን መሃሉ ላይ አድርጌ፣ ረጅም ወንበር አስመጥቼ፣ ከኋላው ተቀመጥኩ። ያን ያህል ዘመን ከፊቱ ስቆም ያልተፈቀደልኝ ቦታ ይኸው በቤቴ ሆነ።

የመጀመሪያው ነገር ጉልበቴ መጋጨቱ ነው። ባንኮኒው ጠባብ ነው፤ በደንበኛው በኩል ደግሞ ከላይ እስከ ታች በወፍራም ሳንቃ ተዘግቷል። እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። እግሬን ወደ ጎን ባደርግ ወገቤ ይጠመዘዛል። ወንበሩ ረጅም ስለሆነ እግሬ ተንጠልጥሏል፤ ያም ሆኖ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ፎዚያ ከነገረችኝ ሁሉ የተሟላው መስኮቱ ብቻ ነበር።

አልተነሳሁም። ልጄ ደውላ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «እንደ ንግሥት» እላታለሁ። ቀን እንደ ንግሥት እቀመጥና ሲመሽ እግሬን በጨው ውሃ እነክራለሁ። አንገቴ ሕመሙን ለወገቤና ለጉልበቴ አካፈለ። አዲስ ዓመት እየቀረበ ትእዛዝ ይጎርፋል፤ እኔ ግን ትንሽ ጽፌ መጋደም ሆነ ሥራዬ። መልስ የዘገየበት ደንበኛ ወደ ሌላ መሄድ ጀመረ። ሳንቃው ይነሳ ማለት ደግሞ አልቻልኩም። እሷ የተቀመጠችበትን እኔ ካልቻልኩት ምኑን በለጥኳት?

መርካቶ ውስጥ ወሬ አያድርም። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሐያት ናት። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነበር፤ ተስፈንጥሬ ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር። እሷ ግን ከፊት ስለሆነች አይታያትም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዘይነባ።»

«ወዓለይኩም ሰላም እትዬ ሐያት። ይቀመጡ እንጂ» አልኳት። ወንበር አላቀረብኩም። ድሮ እኔ በምቆምበት ቦታ ቆመች። ባንኮኒውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው፤ ጠባሳው ጋ ስትደርስ ዓይኗ ዘሎት አለፈ። ቅናቷን ልሰማ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«እግርሽን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«እግርሽን። እኔ ወደ ግራ ነበር የማደርገው። ይኸው ግራው ነው የሄደው» አለችና ጉልበቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ሰይድን ያንን ሳንቃ አስነሳልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት! 'ምነው፣ ደንበኛ እግርሽን ሊያይ ነው?' ይለኛል። አንቺ ወዲያ ወዲህ ስትይ እያየሁ እቀናብሽ ነበር።»

«በኔ?»

«በማን ልቅና? አንቺ ሽንት ቤት ስትሄጂ የሚጠይቅሽ አልነበረም። እኔ ከተነሳሁ 'የብሩን መሳቢያ ለማን ትተሽ?' ነው።»

እውነቷን ይሁን የነጋዴ አፍ ይሁን አላወቅኩም። ቆሜ ልመልስላት አሰብኩ፤ እግሬ ደንዝዞ እምቢ አለኝ። ባንኮኒውን ይዤ ስንጠለጠል አየችኝ። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። እኔ እንደ ድሮው ተከተልኩ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ዕድሌን ሞከርኩ። «ይቺን ካውያ ማን ነበር የረሳት እትዬ ሐያት?»

«የቱን ካውያ?» አለችና ከዘራዋን አነሳች። ከበሩ ላይ ዞራ «አስቆርጪው፣ ሞኝ አትሁኚ» አለችኝ።

በማግሥቱ አናጺ ጠራሁ። የፊቱን ሳንቃ ነቀለው፣ ባንኮኒውንም ከሥሩ ቆርጦ በልኬ አሳጠረው። ፎዚያ የቢሮ ወንበር ገዝታ መጣች፤ «ብዬ ነበር» አላለችም፣ ፊቷ ግን ብሎታል። ስክሪኑ ከዓይኔ ትይዩ ሆነ፣ ክንዴ ዐረፈ። የበዓሉን ትእዛዝ አደረስኩ። የሸሹት ደንበኞች ሁሉም ባይሆኑ ግማሾቹ ተመለሱ።

አናጺው «ሳንቃውን ምን ላድርገው?» ሲለኝ «ሁለት የእግር ማረፊያ» አልኩት። አንዱን ለእትዬ ሐያት ላኩላት። ይቅር ብያት አይደለም። ያንን ሳንቃ ያስመታው ጋሼ ሰይድ ነው፣ አላህ ይዘንለት፤ እሱን ለብቻዬ መርገጥ ስስት መስሎ ስለታየኝ ነው። አመሰግናለሁ አላለችም። አልመለሰችውምም። ያደረሰችላት ፎዚያ እንደነገረችኝ ግን ሁለት እግሯን ወዲያው ጫነችበት።

ይህን የምጽፈው እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው። ማውሱን የማንቀሳቅሰው በካውያው ጠባሳ ላይ ነው። ከእትዬ ሐያት ጋር አልታረቅንም፤ እሷ ተጣልተን አናውቅም ስለምትል የምንታረቅበት ነገር የለንም። ጠዋት ጠዋት ስቀመጥ እግሬን ሳንቃው ላይ ደህና አድርጌ አሳርፋለሁ። ሐኪሙ ለወገብ ጥሩ ነው ይላል። ለወገብ ብቻ አይደለም።