የመጋዘኑ ምሰሶዎች

ከአንኮበር የወጣሁት ከብቱ ባለቀበት ዓመት፣ ጭጋግ በወረደበት ምሽት ነው። ማረሻ ቀጥቃጭ ነበርኩ፤ በሬው ካለቀ ማረሻ የሚያሠራ ማን አለ? ባለቤቴ ዘነቡ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘችኝና ተመለሰች። የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ እንድሪስ ከግመሎቻቸው ጋር በረሃውን አሻገሩኝ፤ ከታጁራ በጀልባ ዓደን ገባሁ።

ዓደንን፣ ወገኖቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ምንጭ የሚባል የለም፤ ውሃው ይሸጣል፣ እሱም ጨው ጨው ይላል። ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ብረት መምታት ስለምችል ባሕሩ ዳር በሚሠራ የከሰል መጋዘን ተቀጠርኩ። እኔና የአገሬ ልጆች የምናድረውም እዚያው፣ ከሰሉ ከሚከመርበት ፎቅ ሥር፣ ምድር ቤት ነው፤ ባለመጋዘኑ ቀጣሪያችንም አከራያችንም ነበር።

የፎቁ ምሰሶ ተደርገው የቆሙት፣ በአግድም ተጋድመው ወለል እንዲሸከሙ የተሠሩ ብረቶች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ወፍራም ክንፍ፣ መሃላቸው ስስ ገላ። አንድ ቀን የመጋዘኑ ህንድ መሐንዲስ በአንዱ ምሰሶ ላይ ክር ከላይ እስከ ታች ወጠረ፤ ጫፉን እኔ ያዝኩለት። ስሱ ገላ ወደ ጎን ነፋ ብሏል።

መሐንዲሱ የገላውን ውፍረትና ስፋት ለክቶ ሲያሰላ ቆየ። ከዚያ በተሰባበረ ዓረብኛ፣ «ከላይ ሲጫነው ወደ ጎን መሸሽ ጀምሯል። ትንሽ ከተጨመረበት ይታጠፋል» አለኝ። ፎቁ ላይ ያለው ከሰል እንዲወርድ፣ በየገላውም ደጋፊ ብረት እንዲመታ ባለመጋዘኑን ጌታ ጠየቀ።

ጌታው ከምንጣፉ ሳይነሣ፣ ብረት ሆዱ ሲነፋ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። በስንት ልመና አንዱ እንዲደገፍ ፈቀደ፤ እሱ ከሚቀመጥበት አጠገብ ያለው።

«የእኛስ?» አልኩት።

«ከፈራችሁ ቀና ብላችሁ አትዩ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሰል በተራገፈ ቁጥር ብረቱ ያቃስት ጀመር። የአገሬን ልጆች አሸዋው ላይ እንደር ብዬ ለመንኳቸው። አብዛኞቹ ተከተሉኝ። ከእነሱ አንዱ፣ የመዘዞው ተሰማ ግን ሳቀብኝ፤ አብረን የምንተኛበትን ምንጣፍ ለብቻዬ አገኘሁት ብሎ ደስ አለው።

ትልቅ መርከብ ገብቶ ፎቁ በከሰል በተሞላ ቀን፣ በቀትር፣ የኋለኛው ምሰሶ ታጥፎ ፎቁ ከነከሰሉ ተናደ። ተሰማ ሥሩ ጋደም ብሎ ነበር። በእጃችን ቆፍረን ሬሳውን አወጣነው፤ ፊቱ ጠቁሮ አልለይህ አለኝ።

ጌታው ለመጡት ሹማምንት፣ ያ ሐበሻ ቀጥቃጭ ብረቱን አፍጥጦ ሲያየው ከርሟል አላቸው። ሹማምንቱ ሳቁ፤ የአገሬ ልጆች ግን አልሳቁም። በዚያው ሰሞን አጠገቤ መተኛት ተዉ።

ከክረምት በኋላ ሐጂ እንድሪስ መጡ። ሲመለሱ ጀልባው ድረስ ሸኘኋቸው።

«ለዘነቡ ምን ልበል?» አሉኝ።

«ደኅና ነው በሉልኝ።»

«የተሰማ እናትም ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ ለእሷስ ምን ልበል፣ ልጄ?»

ሐጂ እጄን ይዘው ጠበቁኝ። ባለጀልባው ተጣራ፣ ሸራው ተዘረጋ፤ እሳቸው አሁንም ይጠብቁኝ ነበር።